ዘ ዋይልድ አይሪስ፦ የሉዊዝ ግሊክን የግጥም መጽሐፍ አንዲት ችግኝ ሻጭ እንዳነበበችው

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ችግኝ አፈላለሁ፣ አበባ፣ የጓሮ አትክልት፣ ግራፍት የተደረገ (የአንዱ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሌላው ግንድ ላይ የተያያዘ) አቮካዶ ምናምን እሸጣለሁ። ስለ መጽሐፍ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው ግን ይሄን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ደሞ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ግጥም የምትወዱ ልጆች እጃችሁ ላይ ከገባ እንዳታልፉት ብዬ ነው።

ባለፈው በልግ ዘር ልገዛ ደሴ ወጥቼ ነበር። ከኛ ጋ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው ግን ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲጨርስ አየሩ ሌላ አገር ነው፣ እኛ ጋ ላብ እዛ ጋቢ። ዘሩን ገዝቼ ወደ መናኸሪያ ስመለስ ፒያሳ ላይ አንድ ልጅ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ ይሸጣል፣ አብዛኛው የማትሪክ መለማመጃና የተቀደደ መዝገበ ቃላት ነው፣ ከመሀል አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየሁ። ያነሳኋት አይሪስ የሚለውን ስም አይቼ ነው፣ አይሪስ አበባ ነው፣ ስለ አበባ አተካከል መስሎኝ። ስገልጣት ግጥም ሆና አገኘኋት። ልጁ 250 አለኝ፣ በ150 ተስማማን፣ ዘይት በዚህ ዋጋ በሆነበት ጊዜ 70 ገጽ ለማትሞላ ያገለገለች መጽሐፍ 150 ብር ብዙ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እኔ አሁን 1000 ብር ብትሰጡኝ አልሸጣትም።

ስለ ዕቃው ላውራ መጀመሪያ። የአንድ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ማህተም አለባት፣ የተሰረዘ ማህተም ነው፣ በእርዳታ ከመጡት መጽሐፎች ጋ የገባች ይመስለኛል። ወረቀቷ ወፈር ያለ ነው፣ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል ግን አልተሰባበረም፣ ሙጫው ጥሩ ስለሆነ አንድም ገጽ አልተነቀለም፣ እኔ ደሞ በጭቃ እጅ ነው ያነበብኳት። ፊደሉ ዓይን አያደክምም፣ ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፣ ብዙዎቹ አንድ ገጽ፣ አንዳንዶቹ ግማሽ። ከኔ በፊት የነበረ ሰው በእርሳስ ሦስት ቦታ ላይ ትንሽ ነጥብ አድርጓል፣ መስመር እንኳን አይደለም ነጥብ ብቻ፣ አንዱ ነጥብ ያለበት ቦታ ላይ እኔም ቆሜያለሁ፣ የማላውቀው ሰው አብሮኝ ያነበበ ያህል ተሰማኝ።

አሁን ስለ ሴትየዋ። ሉዊዝ ግሊክ ትባላለች፣ አንዳንዱ ግሉክ ብሎ ይጽፋታል ግን የራሳቸው አጠራር ግሊክ ነው። እ.ኤ.አ. 1943 ኒውዮርክ ተወልዳ ሎንግ አይላንድ ነው ያደገችው። የአባቷ ወላጆች ከሀንጋሪ የመጡ አይሁዶች ናቸው። አባቷ ጸሐፊ መሆን ይፈልግ ነበር፣ አልሆነለትም ንግድ ገባ፣ ኤክስአክቶ የሚባለውን ባለ ምላጭ ቀጭን ቢላ ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ይሄን ሳነብ ቢላውን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት፣ የኔ የቻይና ነው ግን ያው ዓይነት ነው፣ አቮካዶ ግራፍት የማደርገው በሱ ነው። የሚያውቅ ያውቃል፣ ቢላው ከደነዘዘ ወይም እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቅርንጫፉ ይጨፈለቃል፣ ሁለቱ ቁስል በትክክል ካልገጠመ አይያያዝም፣ ውሃ አይተላለፍም፣ ይደርቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ ጥርት አርገህ። የዚች ሴትዮ ስንኝ እንደዛ ነው የተቆረጠው። ትርፍ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ከሷ በፊት የተወለደች አንዲት እህት ነበረቻት፣ እሷ ሳትወለድ ነው የሞተችው። ያላየሃት እህት፣ ያልቀበርካት፣ ግን ቤቱ ውስጥ ያለች። ይሄ ነገር በብዙ ግጥሟ ውስጥ እየተመላለሰ ይመጣል። ከዛ በአፍላ ዕድሜዋ ምግብ እምቢ የሚያሰኘው የስነ ልቦና ህመም ያዛት፣ አኖሬክሲያ የሚሉት፣ እስከ ሞት አፋፍ ደርሳ ነበር፣ በዚህ ምክንያት ትምህርቷን እንደ እኩዮቿ መቀጠል አልቻለችም፣ ሰባት ዓመት ከስነ ልቦና ሐኪም ጋ እየተነጋገረች ታከመች፣ ኋላ ላይ ማሰብ የተማርኩት እዛ ነው የሚል ነገር ጽፋለች። ዲግሪ ይዛ አልወጣችም። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የግጥም ክፍል እየገባች ስታንሊ ኩኒትዝ የሚባል ትልቅ ገጣሚ ስር ተማረች፣ የመጀመሪያ መጽሐፏን 1968 አወጣች። ከዛ ዝም። መጻፍ አቃታት። ቨርሞንት የሚባለው ቀዝቃዛ ክፍለ ሀገር ሄዳ 1971 ማስተማር ስትጀምር ነው ድምፅዋ የተመለሰላት። በህይወቷ እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ ደጋግሞ አግኝቷታል፣ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አንድ ስንኝ ሳትጽፍ የምትከርምበት ጊዜ ነበር። እኔ ይሄን ነው ከህይወት ታሪኳ ሁሉ የወደድኩት፣ ምክንያቱም እኛ ሥራ ላይ መሬት ታርፋለች፣ ያረፈ መሬት ደሞ ሞቷል አይባልም።

1980 ላይ ቨርሞንት ያለው ቤቷ በእሳት ተቃጠለ። እንግዲህ እኛም በእኛ አቆጣጠር 2014 ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከቤት ወጥተን ታህሳስ ላይ ስንመለስ ያገኘነውን ስላገኘን ይሄ ቦታ ላይ ትንሽ ቆሜያለሁ፣ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ሽልማቷ ብዙ ነው፣ ባጭሩ ልበለው፣ ይቺ መጽሐፍ 1992 ወጥታ 1993 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት አገኘች፣ 2003 ላይ የአሜሪካ ባለ ማዕረግ ገጣሚ ተባለች፣ 2020 ላይ የኖቤል የስነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ያኔ ኮሮና ስለነበር ስቶክሆልም አልሄደችም፣ ሜዳሊያው ያለችበት ነው የተሰጣት። በእኛ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ነው ያረፈችው፣ 80 ዓመቷ ነበር።

መጽሐፏ እንዴት እንደተሰራች ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባም። ነገሩ የሚካሄደው አንድ ጓሮ ውስጥ ነው፣ ቨርሞንት፣ ከጸደይ መግቢያ እስከ በጋው ማለቂያ፣ እና ሦስት ዓይነት ተናጋሪ አለ። አንደኛ አበቦቹና ሳሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ለሰው። ሁለተኛ አትክልተኛዋ ትናገራለች፣ ለፈጣሪ፣ ግጥሞቿ የጠዋት ጸሎት የማታ ጸሎት እየተባሉ ነው ርዕሳቸው፣ እንደኛ ብትሉት ሱብሂና መግሪብ ወይ ደሞ ኪዳንና ሰርክ ማለት ነው። ሦስተኛ ፈጣሪ ራሱ ይናገራል፣ ግን በስሙ አይደለም፣ የሱ ግጥሞች ርዕስ የአየርና የሰዓት ስም ነው፣ ጥርት ያለ ጠዋት፣ የሚያፈገፍግ ነፋስ፣ ቶሎ የመጣ ጨለማ እንደዛ እንደዛ። ባሏና ልጇም ጓሮው ውስጥ ሲሰሩ ብቅ ይላሉ። ማንም ለማንም በቀጥታ አይመልስም፣ አንዱ ተናግሮ ያበቃል ሌላው ከሌላ ቦታ ይነሳል፣ እየቆየህ ነው እየተነጋገሩ እንደነበር የሚገባህ።

የመጀመሪያው ግጥም የመጽሐፏን ስም የያዘው ነው፣ አይሪሷ ናት የምትናገረው። ከአፈር ስር እያወቀች ተቀብራ መክረሟን ትናገራለች። እኔ ይሄ ግጥም ውስጥ ውሸት ፈለግኩ፣ እውነቴን ነው፣ አበባ ለማሳመር የተጻፈ ግጥም ላይ የአበባ እውቀት የሌለው ሰው ወዲያው ይታወቃል። አላገኘሁም። አይሪስ ከአፈሩ ፊት በትንሹ ዝቅ ብሎ የሚተኛ ወፍራም ግንድ መሰል ስር አለው፣ ዝንጅብል አስቡ፣ ላይ ያለው ቅጠል ሲደርቅ ያ ስር ምግቡን ይዞ ጨለማ ውስጥ ይጠብቃል። ከላይ ለሚያይ ሰው አልቋል፣ ስሩ ግን ሁሉንም ያውቃል፣ ሙቀት ያውቃል፣ እርጥበት ያውቃል፣ ጊዜውን ይቆጥራል። ደንበኛ እኮ በደረቅ ወቅት መጥቶ ይሄ ሞቷል ለምን ትሸጫለሽ ይለኛል። ከዛ ስር ሆኖ የሚያወራ ድምፅ መጻፍ የምትችለው በእጇ ቆፍራ አይታ ነው ብዬ አመንኩ።

ሁለተኛው የገረመኝ ላሚየም የሚባለው ጥላ ስር የሚሳብ ተክል ነው፣ ብርሃን ስለማይደርሰው ልቡ እንደቀዘቀዘ ሰው ይናገራል። ጥላ የሚወድ ተክል ስንት ጊዜ ሸጫለሁ፣ ፀሀይ ላይ እንዳታደርጉት ይቃጠላል እያልኩ፣ ግን ከሱ ጋ የሚመሳሰል ሰው እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም እንጂ እኛ ሰፈርም አለ፣ ለብቻው ደህና ነው፣ ሰርግ ላይ ስትጎትተው ነው የሚታመመው።

ደሞ አረሙ! በአረም ድምፅ የተጻፈ ግጥም አለ፣ እዛ አገር ያለ አስቸጋሪ ሳር ነው፣ እኔ በልቤ ሰርዶ ብዬ ነው ያነበብኩት። ሰርዶን የነቀለ ያውቃል፣ ላዩን ትነቅላለህ፣ ከስር እንደ ሽቦ የተዘረጋው ነጭ ስር ይቀራል፣ ጣት የምታክል ቁራጭ ከቀረች ከሳምንት በኋላ መደቡ ሁሉ ሰርዶ ነው። አያቶቻችን አህያዋን እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያሰኟት ዝም ብለው አይደለም፣ ሰርዶ ማንም ሞተ ማንም ቀረ ይበቅላላ። የዚች ሴትዮ አረም አትክልተኛዋን የሚላት ነገር ይሄው ነው በሌላ አነጋገር፣ አንቺ ጓሮሽ ውስጥ አንድ የምትወጂው አበባ ስለሞተብሽ የምትጠይው ነገር ፈለግሽ፣ እኔ ግን አንቺ ሳትመጪ ነበርኩ፣ ስትሄጂም አለሁ፣ የአንቺ ምስጋና ለመኖሬ አያስፈልገኝም ይላታል። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሰርዶ መንቀል አልተውኩም፣ እንዴት ይተዋል፣ ግን ስነቅል ስድቤን ተውኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያጻፈኝ የማታ ጸሎት ከሚባሉት አንዱ ነው፣ የቲማቲሙ። አትክልተኛዋ ለፈጣሪ ሪፖርት ታቀርባለች፣ ልክ መስሪያ ቤት ለአለቃ እንደሚቀርብ ሪፖርት፣ አንተ በሌለህበት መሬትህን እንድጠቀም ፈቅደህልኛል፣ ትርፍም ትጠብቃለህ፣ እኔ ግን ሥራዬ አልተሳካልኝም፣ በተለይ ቲማቲሙ ትለዋለች። ወይ ቲማቲም ትከዪ አትበለኝ፣ ወይ ደሞ ዝናቡንና የሌሊቱን ብርድ ያዝልኝ ነው ነገሩ። ከዛ ድምፅዋ ይቀየራል፣ ሁሉም ያንተ ነው እሺ፣ ግን ዘሩን የዘራሁት እኔ ነኝ፣ ቡቃያው አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ፣ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጥቶ በየመስመሩ ሲዛመት የተሰበረው የኔ ልብ ነው ትለዋለች፣ አንተ እኛ ልብ በምንለው ዓይነት ልብ ያለህ አይመስለኝም እስከማለት ትሄዳለች። እና መጨረሻ ላይ ለነዚህ ተክሎች ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ብላ ታቆማለች። በቃ እዛ ላይ ነው የሚያልቀው።

አምና ክረምት እኔ ሦስት መደብ ቲማቲም ችግኝ ነበረኝ። ሐምሌ ዝናቡ ቀን ከሌት አላቆመም፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ቅጠል ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አየሁ፣ ዙሪያዋ ቢጫ። ቆርጬ አቃጠልኩ። ረቡዕ አስር። ቅዳሜ ከመደቡ ጫፍ ቆሜ ሳይ ቀለሙ ሁሉ ተቀይሯል። ሽታ አለው ያ በሽታ፣ እርጥብ ጆንያ የሚሸት ዓይነት። መድኃኒት ረጨሁ ዝናቡ አጠበው፣ እንደገና ረጨሁ እንደገና አጠበው። ሦስቱንም መደብ ነቅዬ ጣልኩ፣ ቅድሚያ የከፈሉኝን ሰዎች ብር መለስኩ። ያኔ ለፈጣሪ ምን እንዳልኩት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አፍሬበት ነበር። ይሄን ግጥም ሳነብ ነው ከኔ በፊት አንዲት ሴት ቨርሞንት በሚባል አገር ያንኑ ነገር እንዳለችው ያወቅኩት፣ ደሞ ሳትሳደብ፣ ሳታለቅስ፣ ቀና ብላ፣ ሥራዋን እንደሚያውቅ ሰው።

ይሄን ግጥም ጎረቤቴ ለሆኑ አንዲት ትልቅ ሴት በአማርኛ ነግሬያቸው ነበር። ቡና ላይ ነን፣ ቶናው ላይ ደርሰናል፣ ሌሎች ሴቶችም አሉ፣ ግጥም ነው አላልኩም እንዲሁ አንዲት አሜሪካዊት እንዲህ ብላ ለጌታዋ ተናገረች ብዬ ነው የጀመርኩት። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ስኒያቸውን ይዘው። አንዷ አስተግፊሩላህ ልብ የለህም ትለዋለች እንዴ አለች። እማማ ግን ተዪያት አሉ፣ ወቀሳ እኮ የቅርብ ሰው ነው የሚወቅሰው፣ የማታውቂውን ሰው ምን ብለሽ ትወቅሻለሽ፣ ይቺ ሴትዮ ከጌታዋ ጋ ትነጋገራለች አሉ። ከዛ ቲማቲሙ ኋላ ዳነላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልዳነም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዱአ አደረጉላት፣ ሞታለች ስላቸው ደሞ ደገሙላት።

ወሎ ላይ ለምን እንደዚህ ቶሎ ገባን ብዬ አሰብኩበት። ዳዊት የሚደግም ሰው አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ የሚለውን ያውቃል፣ ዱአ ላይ የሚቀመጥ ሰውም ችግሩን ዘርዝሮ ነው የሚናገረው፣ የላሟን የእህሉን የልጁን። እኛ ትልቁን ነገር በትንሹ ነገር በኩል ነው የምንናገረው። እሷም በቲማቲም በኩል ነው የገባችው።

ሊሪክ ግጥም ሲባል ደሞ ስሙ የመጣው ሊራ ከሚባለው የጥንት ግሪኮች ባለ አውታር መሳሪያ ነው፣ ሊራ ማለት የኛ ክራር ዘመድ ነው፣ አንድ ሰው ክራር ይዞ ስለራሱ የሚለው ነገር ማለት ነው ባጭሩ። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች ከዚሁ ከኛ አገር ስም የወጡ ሆነው እኛ ሊሪክ ሩቅ ነው ማለት አንችልም። ግን ልዩነት አለ እውነቱን ልናገር፣ የኛ እንጉርጉሮ ሆድ ያስብሳል፣ ያስለቅሳል፣ አልቅሰህ ይወጣልሃል። የሷ አያስለቅስም። ይዞህ ይቆያል። ውሃ ስታጠጣ ድንገት ይመጣል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሚያለቅሱት ይልቅ ዝም ብላ ጥግ የተቀመጠችውን ሴት አስቡ፣ ቀና ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ቤቱ ጸጥ የሚለው ዓይነት።

የከበደኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሪቪው ከሆነ መነገር አለበት። ቤት አይመታም። ቤት የሚመታ ግጥም ብቻ ለምትወዱ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ይሆንባችኋል፣ እኔም ለሦስት ቀን ያህል ይሄ ግጥም ነው እንዴ ስል ነበር። ሁለተኛ፣ የአበባ ስሞቹ፣ ትሪሊየም፣ ሲላ፣ ስኖውድሮፕ፣ ብርድ አገር የሚበቅሉ ናቸው፣ እኔ እንኳን ችግኝ ሻጯ ግማሹን አላውቃቸውም ነበር፣ መጽሐፏ ላይ ምንም ማብራሪያ ወይም ስዕል የለም፣ ስልክ ላይ ፎቶአቸውን እየፈለጋችሁ ብታነቡ በጣም ይጠቅማል፣ ስኖውድሮፕን አይታችሁ ግጥሙን ስታነቡት ሌላ ነው፣ በረዶ ሳይሟሟ አንገቷን ደፍታ የምትወጣ ጣት የማታክል ነጭ አበባ ናት፣ ግጥሙ ላይ በሕይወት እወጣለሁ ብላ አልጠበቀችም ነበር፣ እየፈራች ነው የምትወጣው። ሦስተኛ፣ መሀል ላይ የጸሎቶቹ ብዛት ያደክማል፣ አንዱ ከአንዱ የሚመሳሰልበት ቦታ አለ፣ ፈጣሪ የሚናገርባቸውም አንዳንዶቹ ይበርዱኛል፣ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ደከመው አስተማሪ ነው የሚናገረው፣ እኔ የማውቀው ፈጣሪ እንደዛ ስላልሆነ ሁለቱን ዘልዬ ነው ያለፍኩት፣ በኋላ ተመልሼ አነበብኳቸው ግን አሁንም አልወደድኳቸውም።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ ተማሪዎች፣ ቃሉ አይከብድም፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው መዝገበ ቃላት ብዙ ሳይነካ ያነባታል። የሚከብደው ማን ለማን እንደሚናገር ነው። እንግሊዝኛ ላይ አንተም አንቺም እናንተም እርስዎም አንድ ቃል ነው፣ ስለዚህ አንድ ግጥም ውስጥ የምትወቅሰው ፈጣሪን ይሁን ባሏን ይሁን አበባውን ይሁን ሳታውቅ ግማሽ መንገድ ትሄዳለህ፣ ሴትየዋ ደሞ ሆን ብላ በዚህ ትሰራበታለች፣ ለባሏ የሚባል የሚመስለው ነገር ለፈጣሪ ይሆናል፣ ለፈጣሪ የመሰለህ ለሰው ሁሉ ይሆናል። አማርኛ ላይ ይሄ አይቻልም። አፍህን ስትከፍት ግሱ ይናገርብሃል፣ ወንድ ሴት፣ አንድ ብዙ፣ ታናሽ ትልቅ። እኔ የቲማቲሙን ስተረጉም አንተ ብዬ ስጀምር ለፈጣሪ እንደሆነ ወዲያው ታወቀ፣ እሷ የደበቀችው በር ተከፈተ። አረሙ አትክልተኛዋን ሲናገር አንቺ አልኩት፣ ግን አረሙ ለሰው ልጅ በሙሉም ነው የሚናገረው፣ እናንተ ቢሆንስ? ማታ ማታ በዚህ ነገር ስንት ቀን ነው የተቀመጥኩት። አንዳንዱን አንቺ ብዬ ጀምሬ እናንተ ብዬ ጨረስኩት፣ ትክክል ነው አልልም ግን ጆሮዬ ላይ እንደዛ ነው የመጣው። ወይዘሮ ስሂን የተማራችሁ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ክፍል ያላችሁ፣ ይሄን ነገር ከኔ የተሻለ የምትሰሩት እናንተ ናችሁ፣ እባካችሁ አንድ ሰው ይነሳና በአማርኛ ይሞክራት።

ሌሎች ሥራዎቿን ለምትፈልጉ፣ እኔ ከዚች በኋላ የተወሰኑትን ከዘመድ ስልክ ላይ አንብቤያለሁ። አራራት የሚባለው 1990 የወጣው ስለ ቤተሰቧ ነው፣ ስለ አባቷ ሞት፣ ስለ እናቷና ስለ እህቷ፣ በጣም ቀጥተኛ ነው፣ ቤተሰብ ውስጥ የማይነገረውን ትናገራለች፣ ወላጁን የቀበረ ሰው ያንብበው። ሜዶውላንድስ 1996 ነው፣ የጥንቱን የኦዲሴየስንና የሚስቱን የፔኔሎፔን ታሪክ ከሚፈርስ ትዳር ጋ አያይዛ ነው የሰራችው። አቨርኖ 2006፣ ወደ ሙታን አገር ስለተወሰደችው ልጅ ስለ ፐርሰፎኒ፣ ይሄ ከሁሉም ጥልቅ ነው ይላሉ፣ ለኔ ግን የግሪክ ተረቱን ማወቅ ስለሚጠይቅ ከበደኝ፣ ቀስ ብዬ እመለስበታለሁ። ለጀማሪ ዘ ዋይልድ አይሪስ ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ከእርሻ ከጓሮ የራቀ ወሎዬ የለም፣ ከተሜውም ቢሆን እናቱ ጓሮ ጤናዳም አለች።

አነባበቡ ላይ ምክሬ በአንድ ቀን አትጨርሷት ነው። በአንድ ቀን ታልቃለች፣ ሁለት ሰዓት አትፈጅም፣ ግን ምንም አይቀርላችሁም። እኔ ጠዋት የጠዋቱን ጸሎት አንድ ብቻ፣ ማታ የማታውን አንድ ብቻ፣ አበቦቹን ደሞ ቀን ሥራ መሀል ሳርፍ እያነበብኩ ነው የጨረስኳት፣ አንድ ወር ፈጀብኝ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ለብቻ ነው ግን ጮክ ብላችሁ፣ ስንኙ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ስታቆሙ ነው ትርጉሙ የሚመጣው።

ከ5 ስንት ትሰጫለሽ ካላችሁ 4 ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩት ለነዛ ለመሀሉ ጸሎቶች ነው። ልጁ አሁንም ፒያሳ አለ፣ ባለፈው ሳልፍ ሌላ የሷ መጽሐፍ አላገኘሁበትም ግን ከመጣ አስቀምጥልኝ ብዬዋለሁ።

የኔዋ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ መሳሪያ የማስቀምጥበት ሳጥን ላይ ናት፣ በላስቲክ ጠቅልያታለሁ ዝናብ እንዳይነካት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ማንበብ የምትፈልጉ ብትመጡ ደስ ይለኛል፣ ወስዳችሁ መሄድ ግን አልፈቅድም፣ እዚሁ ጥላው ስር ቁጭ ብላችሁ ነው፣ በርጩማ አለ። ዘንድሮ አንድ መደብ ቲማቲም ብቻ ነው የዘራሁት፣ ከላይ ላስቲክ ወጥሬበታለሁ። ትናንት በቅሏል። እማማ ጠዋት በአጥሩ አጎንብሰው አይተውት ያችን ሴትዮ አስታወሰኝ ብለው ሄዱ።